ስንወጣ የሚጀምር ቅጣት

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከተፈቀደው ጊዜ በላይ በሰው አገር ስለ መቆየት ላወራችሁ ነው። በተለይ ደግሞ ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው። ሰውየው ወጥቶ፣ ጊዜ አልፎ፣ «አሁን ተመልሼ ልግባ» ሲል ስለሚገጥመው ነገር።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ይደውልልኛል። ጠበቃ አይደለሁም። ግን ሕጉን አነባለሁ፣ ከሰዎቹ ጋር ቁጭ ብዬ ቀን እቆጥራለሁ። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚያሳዩኝ ፓስፖርታቸው ላይ የተለጠፈውን ቪዛ ነው። «ይኸው፣ ገና ነው፣ አላለፈም» ይላሉ። እኔ ደግሞ እዚህ ጋ ነው የምደነግጠው።

አሜሪካን እንውሰድ። እዚያ ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን እስከ መቼ ኤርፖርት ድረስ መጥቶ ልግባ ማለት እንደሚቻል ነው የሚናገረው። ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ የሚወስነው እዚያ ያለው የኢሚግሬሽን መኮንን ነው። የሰጠው ቀን አይ-94 በሚባል መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ለጉብኝት ለሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ 6 ወር ይሰጠዋል። ስለዚህ ቪዛው ገና ሁለት ዓመት ቀርቶት ሰውየው ቀኑ ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ቪዛው አልፎ ቆይታው ሕጋዊ የሆነም አለ። አይ-94ን በኢንተርኔት በነጻ ማየት ይቻላል። እባካችሁ እዩት።

እሺ፣ አንድ ቀን ቢያልፍስ? በአሜሪካ ሕግ በዚያች አንድ ቀን ቪዛው ዋጋ ያጣል። ተለጥፎ ቢታይም አይሠራም። ቀጣዩን ቪዛ በመሠረቱ ዜግነቱ ካለበት አገር ማመልከት ይኖርበታል። ያለ ቪዛ መግባት የተፈቀደላቸው አገሮች ዜጎችም አንዴ ካሳለፉ ያ ዕድል ይቀርባቸዋል፤ ከዚያ በኋላ እንደማንኛችንም ኤምባሲ ተሰልፈው ነው። ግን ጥቂት ቀን ስላለፈ ብቻ ለዓመታት አትገባም የሚል እገዳ የለም። ቆንስላው ግን ይጠይቃል። ለምን አለፈህ? ታመህ ነው? በረራ ተሰርዞ ነው? ማስረጃ ያለው ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል።

ከባዱ ነገር ከ180 ቀን በኋላ ነው። በፈረንጆቹ 1996 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። ከ180 ቀን በላይ፣ ግን ከ1 ዓመት በታች ያለ ፈቃድ ቆይቶ በራሱ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት አይመለስም። 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት። ከዓመት በላይ ያለ ፈቃድ ከኖረ በኋላ ወጥቶ፣ እንደገና በድንበር ተደብቆ የገባ ወይም ሊገባ የሞከረ ሰው ዕገዳው የዕድሜ ልክ ነው። 10 ዓመት ውጭ ከቆየ በኋላ ፈቃድ ልጠይቅ ማለት ብቻ ነው የሚቀረው።

ከ18 ዓመት በታች ያሳለፉት ጊዜ አይቆጠርም። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ላለ፣ ያለ ፈቃድ እስካልሠራ ድረስም አይቆጠርም። እነዚህን የማያውቅ ሰው በከንቱ ሲጨነቅ አይቻለሁ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ይህ የ3 እና የ10 ዓመት እገዳ የሚጀምረው መቼ ይመስላችኋል? ሰውየው ሲወጣ ነው። ውስጥ እያለ አይነካውም። አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ነው በሩ ከኋላው የሚዘጋው። እስቲ አስቡት። ሕጉ የወጣው ሰው ጊዜው ሳያልፍ እንዲወጣ ተብሎ ነው። 1 ዓመት ላለፈበት ሰው ግን የሚነግረው ነገር «አትውጣ» የሚል ሆነ።

አንዲት የማውቃት ሴት እናቷ ስታርፍ መሄድ አልቻለችም። ቀብሩን በስልክ ነው የተከታተለችው። ልጆቿ አሜሪካ ተወልደዋል፣ ትምህርት ቤት ናቸው። ብትሄድ 10 ዓመት ነው። ትልቁ ልጅ በ10 ዓመት ውስጥ ጎልማሳ ይሆናል። ስልኩን እየያዝኩላት አብሬያት ነበርኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ «እንዲህ ከሚያደርጉ ለምን አይወጡም?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም ብዬ አላልፍም። መውጣቱ ራሱ ነው ቅጣቱ።

ይቅርታ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፤ ዌቨር ይሉታል። ለአረንጓዴ ካርድ፣ ማለትም ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ከሆነ፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ የሆነ ባል፣ ሚስት ወይም ወላጅ ከባድ ችግር ላይ እንደሚወድቅ ማሳየት ያስፈልጋል። ልጅ ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። የልጁ ስቃይ የሚታየው ለወላጁ በሚተርፈው ልክ ብቻ ነው። ይሄን መጀመሪያ ሳነብ ደጋግሜ አነበብኩት። ትክክል ነው ብዬ አላምንም፤ ልጁ ራሱ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በሕጋዊ መንገድ በቪዛ ገብቶ፣ ጊዜው አልፎበት፣ ከዚያ የአሜሪካ ዜጋ ያገባ ሰው ብዙ ጊዜ ከአሜሪካ ሳይወጣ ወረቀቱን ማስተካከል ይችላል። ይህ ሰው «ኢንተርቪውን ውጭ ሄጄ ልጨርስ፣ ቤተሰብም ልይ» ብሎ ቢወጣ፣ ያለፈው 1 ዓመት ከሞላ፣ 10 ዓመቱን በገዛ እግሩ ይቀሰቅሰዋል። ትኬት ከመቁረጡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግር። ፎርም ሞልቶ ገንዘብ የሚቀበል ደላላ ለዚህ አይሆንም።

ሌሎች አገሮችስ? እንግሊዝ ከ30 ቀን በላይ ያሳለፈ ሰው በራሱ ወጪ ከወጣ 1 ዓመት ይታገዳል። በመንግሥት ወጪ ከሆነ 2 ወይም 5 ዓመት። በግድ ከተባረረ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል። ታይላንድ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። በራሱ ኤርፖርት ቀርቦ የወጣ ሰው እስከ 90 ቀን ካሳለፈ በቀን 500 ባት ቅጣቱን ከፍሎ፣ ቢበዛ 20,000 ባት ነው፣ ያለ እገዳ ይሄዳል። መንገድ ላይ የተያዘ ግን ያለፈው ጥቂት ቀን ቢሆንም 5 ዓመት ይታገዳል። ልዩነቱን አያችሁ? የብዙ አገሮች ሕግ እዚህ ላይ ይመሳሰላል። ራሱ ለሄደና ተይዞ ለተላከ ሰው ቅጣቱ እኩል አይደለም። የአረብ ኤሚሬቶች በ2024 መስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ምሕረት አውጥተው ነበር። በዚያ ጊዜ የወጣ ሰው ቅጣትም አልከፈለም፣ የመመለስ እገዳም አልተጣለበትም። እንዲህ ያለ ዕድል ሲታወጅ «ወጥመድ ነው» እየተባለ ስንቱ ሰው አሳለፈው።

አውሮፓ፣ ማለትም ሸንገን፣ ሰው የሚሳሳተው ቆጠራው ላይ ነው። 29 አገሮች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ። ከፈረንሳይ ጣሊያን መሄድ ቆጠራውን አያድሰውም። የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። ድሮ መኮንኑ ማኅተሞቹን እያገላበጠ በእጁ ነበር የሚደምረው፤ አንዳንዱም ያመልጠው ነበር። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ አሻራና ፊት የሚመዘግብ አዲስ ሥርዓት ሥራ ላይ መዋል ጀምሯል። ኮምፒዩተሩ ነው የሚቆጥረው። የመግቢያ እገዳ ከተጣለ በአብዛኛው እስከ 5 ዓመት ሲሆን፣ ሁሉም የሸንገን አገሮች ያዩታል።

እንግዲህ የእገዳው ዘመን አለቀ እንበል። ሰውየው ሊመለስ ነው። ፎርሙ ላይ ጥያቄው ይመጣል። ከዚህ በፊት ከተፈቀደልህ በላይ ቆይተህ ታውቃለህ? ቪዛ ተከልክለህ ታውቃለህ? ከየትኛውም አገር ተባርረሃል? እዚህ ጋ እጁ ይንቀጠቀጣል። ጓደኛ «አይ በል፣ ማን ያውቃል» ይለዋል። ከምሰማው ምክር ሁሉ እጅግ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ያውቃሉ። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ እንግሊዝ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በአሻራ ይጠያየቃሉ። ስም ቢቀየር፣ ፓስፖርት ቢቀየር አሻራው ያው ነው። እና የውሸቱ ቅጣት ከመቆየቱ ቅጣት ይብሳል። ካናዳ ለሐሰት መረጃ 5 ዓመት ታግዳለች። እንግሊዝ እስከ 10 ዓመት። አሜሪካ ቪዛ ለማግኘት ወሳኝ ነገር ላይ የዋሸን ሰው፣ ዌቨር ካላገኘ፣ ዕድሜ ልኩን ትዘጋበታለች። 3 ዓመቱን ጨርሶ የነበረ ሰው በአንድ «አይ» የዕድሜ ልክ እገዳ ውስጥ ይገባል።

እውነቱን መጻፍ ግን ቪዛ ያሰጣል ማለት አይደለም። እገዳው ቢያልቅም ቆንስላው «ድሮም አልወጣህም፣ አሁንስ ትወጣለህ ብዬ ለምን ልመን?» ማለት ይችላል። አሳማኝ የሚሆነው የኑሮ ማስረጃ ነው። ከተመለሰ በኋላ ምን ሠራ? ቋሚ ሥራ፣ ትዳር፣ ንብረት፣ ሌላ አገር ሄዶ በቀኑ የተመለሰበት ጉዞ። አጭር ማብራሪያ መጻፍም ይረዳል። መቼ ገባሁ፣ መቼ ቀኑ አለፈ፣ ለምን፣ መቼ ወጣሁ። ለቅሶና ልመና አያስፈልገውም፤ ቀኖቹ ልክ ይሁኑ።

የወጣችሁበትን ቀን ማረጋገጫም አትጣሉ። አሜሪካ ስትወጡ ማኅተም የሚመታላችሁ የለም። መውጣታችሁ የሚታወቀው በዋናነት አየር መንገዱ በሚልከው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው። በመኪና ድንበር ያቋረጠ ሰው መዝገብ ላይ ገና እንዳልወጣ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። በጊዜው ወጥቶ «ቆይተሃል» የተባለ ሰው አውቃለሁ፤ ያዳነው ሌላው አገር ሲገባ ፓስፖርቱ ላይ የተመታው ማኅተም ነበር። የመሳፈሪያ ካርዱን ፎቶ አንሱት። ያለቀውን ፓስፖርትም አስቀምጡት።

የናንተ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ከሆነ ጻፉልኝ። ስማችሁንና አገሩን ካልፈለጋችሁ አትጥቀሱ፤ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ቀን ብቻ ላኩልኝ፣ አብረን እንቆጥራለን።