ይህ ትምህርት ነው?

ዛሬ ስለ በግ ፀጉር ልናወራ ነበር፤ ባለፈው ቃል ገብቼላችኋለሁ። ይቆይ። አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ እሱን ሳላወራ ወደ ሌላ መሄድ አልቻልኩም። መብራት አለ፣ ልጆቹም ከአያታቸው ጋር ናቸው። አዎ፣ ከተቆጣጣሪያችን ጋር። ሰላምታችሁን አድርሻለሁ፤ “እነዚያ ሰዎች ሥራ የላቸውም?” ብለዋል።

ልጆቹ ለምን በቤት እንደሚማሩ የምታውቁት ነው፤ አልደግመውም። አንድ ርዕስ እንይዝና ሁሉንም ትምህርት በእሱ ዙሪያ እንማራለን፤ ውሃውንም ታስታውሳላችሁ። እስካሁን ከያዝናቸው ርዕሶች ሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደው እሱ ነው። ሒሳቡም፣ ጂኦግራፊውም፣ አማርኛውም ውሃ ሆነ። ቢጫዋ ጀሪካን 20 ሊትር ትይዛለች፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ማካፈልን ለማስተማር ከእሷ የተሻለ መምህር አላየሁም። በርሜሉን ለመሙላት ስንት ጀሪካን ይፈልጋል? እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ስንቱ ይሄዳል? ትልቋ እንዲያውም አያቷን “ለውዱእ ስንት ሊትር ይበቃዎታል?” ብላ ጠይቃ፣ መልሱን አላምን ብላ ማንቆርቆሪያቸውን ለካችባቸው። እሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንቆርቆሪያውን እንደ ወርቅ ይደብቃሉ።

ካርታው ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ቦርከና በየቀኑ የምንሻገረው ወንዝ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም፤ ቆሻሻ ይጣልበታል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፣ ከዚያ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ፣ ጂቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ ውሃውን ፀሐይ ታተነዋለች፣ ጨው ይቀራል። ከተራሮቹ በስተምዕራብ የሚወርደው ዝናብ ግን በበሽሎ በኩል ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ድረስ ይሄዳል። ትልቋ ይህን ስትሰማ እርሳሷን አስቀመጠች። “የአንድ ተራራ ዝናብ አይደለም እንዴ?” አለች። ነው። የአንድ ተራራ ዝናብ ነው።

ከዚያ ወደ ምሳሌያዊ አነጋገር ሄድን። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው፤ ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል። ጻፈች፣ ጻፈች፣ ቆመች። “ለአዋሽስ ለምን አልተተረተለትም?” መልስ አልነበረኝም። አያቷ ከጓዳ ሆነው፣ “አዋሽ ከአገሩ አይወጣ! ማን ያማዋል?” አሉ። በሳቅ ሞትን። በዚያች ቀን አንድ ሰው መጥቶ በርዕስ ዙሪያ ማስተማር ይጠቅማል ወይ ቢለኝ በመሐላ አረጋግጥለት ነበር።

እና ታዲያ ምን ሆንሽ ትሉኛላችሁ።

የኮምቦልቻው መንገድ ነው። እህቴ ዘንድ እየሄድን ነበር። ትምህርት አልነበረም፤ ደብተር ግን ትልቋ ሁልጊዜ ትይዛለች፣ ታውቋታላችሁ። ትንሹ መናኸሪያ ላይ የሃይላንዱን ውሃ ጨርሶ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። ሚኒባሱ መውረድ ጀመረ። ቁልቁለቱን ታውቁታላችሁ፤ ጆሮ ይደፍናል። ከ500 ሜትር በላይ ነው የምንወርደው፣ ያውም በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ። እሱ ባዶውን ፕላስቲክ ጭኑ ላይ አድርጎ በመስኮት ያያል። ድንገት “ቋ” አለ። ፕላስቲኩ ነው። ቁልቁል አየው። ማንም ሳይነካው አንድ ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። አገላበጠው። ክዳኑን አየ፤ ዝግ ነው። ጆሮውን አስጠጋ። ደግሞ ትንሽ እንደወረድን ሌላው ጎን ጎደጎደ።

ፊቱን ብታዩት። ቅንድቦቹ ወደ ላይ፣ አፉ ክፍት። “እማ፣ ማን ጨመቀው?” አለኝ።

እኔ መልሱን አውቀዋለሁ። ደሴ ላይ የተዘጋበት አየር ስስ ነው፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ከውጭ ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል፣ የውስጡ ግን ያው የደሴው ነው። የውጭው ያሸንፋል። ይህን ልነግረው ዘወር አልኩ፤ አፌንም ከፍቻለሁ። እሱ ግን እኔን አየ፣ ከዚያ ደብተሯን እያወጣች ያለችውን እህቱን አየ፣ እንደገና እኔን አየና፣

“ይህ ትምህርት ነው?” አለ።

በቃ። የተባለው ይኸው ነው። ስትሰሙት ምንም አይደለም አይደል? እኔ ግን ቅንድቦቹ ሲወርዱ አየሁ። አልተናደደም፣ አላኮረፈም። አንድ ሰው ወረቀት ላይ ከመፈረሙ በፊት ምን እንደተጻፈበት የሚጠይቀው ዓይነት ነበር። “ምን ልዩነት አለው?” አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና ፕላስቲኩን ለእህቱ አቀበላት።

ረዳቱ ይህን ሁሉ በሩ ጋ ተደግፎ ይሰማ ነበር። “ወንድሜ፣ ቆላ ገባህ እኮ! አየሩ ነው” አለው። ትንሹ ሳቀ። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፕላስቲኩን ከእህቱ ነጥቆ ለረዳቱ ጥያቄ ያዘንብለት ጀመር። ስንመለስ ራሱን ይነፋል? ጎማውስ? የሰው ሆድስ? ረዳቱ አንዱን ያውቃል፣ ሁለቱን ይቀልድበታል፤ ስለ ጎማው ሾፌሩም ገባበት። ኮምቦልቻ እስክንደርስ አላቆመም። እኔ ከኋላቸው ተቀምጬ እሰማለሁ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኛል። ልጄ የሚጠይቅ ልጅ ነው። ግን እኔን አይደለም የጠየቀው።

አሁን “ልጅ ነው፣ ተይው” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። አባቱም ይህንኑ ነው ያለኝ፤ ሥራ ላይ ሆኖ፣ በስልክ፣ በግማሽ ጆሮ። ምናልባት ልክ ነው። ምናልባት ልጁ የጠየቀው መጻፍ እንዳለበትና እንደሌለበት ለማወቅ ብቻ ነው። መጻፍ አይወድም። እኔም በእሱ ዕድሜ አልወድም ነበር።

ስለ አሜሪካዊው የትምህርት ፈላስፋ ስለ ጆን ዲዊ ሳወራ የምታጠፉ እንዳላችሁ ደርሶኛል፤ ዛሬ አጭር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች እያበሰሉ፣ እየሰፉ፣ እንጨት እየሠሩ ነበር ሒሳብና ሳይንስ የሚማሩት። የእኛ ጀሪካን የዚያ የልጅ ልጅ ናት። ከእሱ በኋላ የመጣው ዊልያም ኪልፓትሪክ ግን በ1918 ስለ ፕሮጀክት ዘዴ፣ ማለትም ልጆች አንድ ሥራ ይዘው እየሠሩ ስለሚማሩበት መንገድ፣ ሲጽፍ አንድ ነገር ላይ ድርቅ ይላል፤ ዓላማው ከልጁ ከራሱ ልብ መምጣት አለበት ይላል። ድሮ ሳነበው አልፌው ነበር። አሁን ያቺ መስመር ናት የምትከተለኝ። ውሃን ማን መረጠ? እኔ ነኝ። ለመምረጤ ምክንያት ነበረኝ፤ ቧንቧው ደርቆ ነበር። ልጆቹ ወደዱት፤ ግን የተመረጠላቸውን ነው የወደዱት። ይህ ክፋት አለው? ትምህርት ቤት በሚሰጠው የአካባቢ ሳይንስ ትምህርትም ቢሆን ርዕሱን የሚመርጥላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ማንም እንቅልፍ አላጣበትም። ደግሞ ትልቋ የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና አለባት። ሁሉንም ለእነሱ ልተው ብል ክፍልፋይን ማን ይመርጣል? በአላህ፣ ክፍልፋይን የመረጠ ልጅ ካያችሁ ጻፉልኝ።

አይ፣ ተናደድኩ እንዴ? አልተናደድኩም።

የፕላስቲኩን መጨረሻ ሳልነግራችሁ ረሳሁ። ትንሹ ክዳኑን ሳይከፍት አስቀምጦ፣ ስንመለስ ደሴ ላይ መነፋቱን ሊያይ ነበር። በነጋታው ለመሄድ ስንነሳ ቢፈልግ ቢፈልግ የለም። እህቴ ዘይት ቀድታበታለች። እንባው መጣ። እኔ፣ “አብሽር፣ ሌላ ገዝተን እዚሁ እንዝጋው፣ ደሴ ስንደርስ ደግሞ ተወጥሮ ታየዋለህ” አልኩት፤ ይሠራል እኮ፣ በተቃራኒው ነው እንጂ ያው ነው። “እሱን አይደለም” አለኝ። የእሱ ደሴ ላይ የተዘጋው ነበር። በውስጡ ያለው የደሴ አየር ነበር። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ረዳቱም አልነገረውም። እኔ ደግሞ ወዲያው ምን አሰብኩ መሰላችሁ? “ይህ ለአየር ርዕስ ጥሩ መግቢያ ይሆናል” ብዬ አሰብኩ። እንባው ገና ጉንጩ ላይ እያለ።

ደብተሩን ልተወው? ትልቋ አትሰማኝም፤ ደብተሯ ነፍሷ ነው። ለአንዷ በደብተር፣ ለአንዱ ያለ ደብተር ላድርግ ብል ደግሞ እሱ “እኔስ ለምን የለኝም?” የሚል ዓይነት ነው። ታውቁታላችሁ። በበግ ፀጉሩ ሳልነግራቸው ልጀምር አስቤያለሁ። ርዕስ ነው ሳልል፣ ባናውን እንዲሁ ፀሐይ ላይ አውጥቼ አሰጣዋለሁ፤ የጠየቀ ይጠይቅ። አያታቸው መፍተል ይችላሉ፤ እሳቸው እንዲሁ ተቀምጠው ይፍተሉ። ግን ባናው ከቁም ሳጥን ሲወጣ ትንሹ ቀድሞ የሚያየው ባናውን አይደለም፤ እኔን ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ፊቴን ምን አደርገዋለሁ? እንዲህ ነኝ እንግዲህ፣ ገና ሳልጀምር…

ቆዩ፣ እየተጠራሁ ነው። ማንቆርቆሪያው ጠፍቷል መሰለኝ።