ቁልፉ ማን ጋ ነው?

እንኳን ደህና መጣችሁ። መምህራን፣ ወላጆች፣ ከክፍለ ሀገር ድረስ የመጣችሁ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከጠዋት ጀምሮ ቡና ያፈሉልን እናቶች እጃቸው ይባረክ። ሰላምታውን አላበዛም። ዓመቱን ሙሉ ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ፣ ዛሬ ሳልናገረው ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የተሠራውን ባጭሩ ልበል። ማህበራችን ለትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል 24 ኮምፒውተር ገዝቶ አስገብቷል። የክፍሉ የኤሌክትሪክ መስመር ታድሷል። አንድ ፕሮጀክተርም አለን። ኮሊብሪ የሚባል ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ፕሮግራም ተጭኗል፤ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥና ለሌሎቹ ያካፍላል፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ልጆቹ ቪዲዮና መልመጃ አያጡም። የጫኑት ሁለት ወጣት አባሎቻችን ናቸው፣ ሦስት ቅዳሜ ሠርተው አምስት ሳንቲም አልተቀበሉም። ኮርቼባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ኮምፒውተሮቹ የገቡት ጥቅምት ላይ ነው። በሩ ለተማሪ የተከፈተው ግንቦት ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ አይደለም፣ ኢንተርኔትም አጥተን አይደለም። ዕቃው በሞዴል 19፣ በንብረት መቀበያ ደረሰኙ፣ ገቢ ሆነ፣ ከዚያ በሞዴል 22፣ በንብረት ወጪ ቅጹ፣ ፈርሞ በስሙ የሚረከበው ሰው ጠፋ። ንብረት ክፍል ያለ ተረካቢ አልከፍትም አለ። መምህሩ ደግሞ አንድ ነገር ቢጠፋ ከደመወዜ ሊቆረጥ ነው አለ። በሁለቱም አልፈርድም፤ የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ታህሳስ ላይ መጥቼ በመስኮቱ አጮልቄ አየሁ። ኮምፒውተሮቹ ወላጆች የሰጡንን ዳንቴል ለብሰው በተርታ ተቀምጠዋል፣ ዳንቴሉ ላይ አቧራ ተኝቶበታል። ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

መፍትሔው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? አንድ ገጽ ደብዳቤ። ዕቃ ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ማህበሩ ይከፍላል የሚል፣ ማህተም ያረፈበት። መምህሩ በዚያው ቀን ፈረመ። እስከ ዛሬ የጠፋው አንድ የጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። ታዲያ ደብዳቤውን ጥቅምት ላይ ለምን አልጻፍነውም? ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላ። ሦስት ጊዜ ጠራን፣ ሦስቴም ሰው ጎደለ፣ በአራተኛው ነው ያለፈው።

እዚህ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማው፣ ትምህርት የሚተላለፍበት ቴሌቪዥን፣ ሲመጣ ተማሪ ነበራችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ ነበር፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት። መምህሩ አቁሞ ማስረዳት ወይም ወደ ኋላ መመለስ አይችልም። ያልገባው ልጅ እንዳልገባው ይቀራል፣ መብራት ከሄደም የዚያ ክፍለ ጊዜ ትምህርት አብሮ ሄደ። እኔን እስካሁን የሚቆጨኝ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ዳር ላይ መቆሙ ነው። ስክሪኑ ዛሬም አንዱ ክፍል ውስጥ ከነብረት ሳጥኑ አለ፣ ስትወጡ እዩት። ዕቃ አስገብቶ መምህሩን መርሳት፣ ያንን ስህተት ደግመን ልንሠራው ነበር።

የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኦንላይን ተሰጠ፣ ከዚያ ወዲህ በኮምፒውተር የሚፈተነው ልጅ እየበዛ ነው። ግንቦት ላይ በሩ ሲከፈት አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ አጠገብ ቆሜ ነበር። ማውሱን ከጠረጴዛው አንስታ አየር ላይ ታንቀሳቅሰዋለች፣ ቀስቱ ለምን እንደማይሄድላት አልገባትም። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ከክፍሏ 3ኛ የምትወጣ። የለመደችው የስልክ ስክሪን መንካት ብቻ ነው። ቁጭ ብለን አሳየናት። ሃያ ደቂቃ በቃት። ያንን ሃያ ደቂቃ ሰባት ወር ሙሉ ነፍገናት፣ የሰጠናት ፈተናው ደጅ ላይ ሲደርስ ነው።

የወላጆችም ጉዳይ አለ። የፓስፖርት ማመልከቻው ኦንላይን ነው፣ ሰው ኢንተርኔት ቤት ከፍሎ ያስሞላል፣ የስሙ አንድ ፊደል ከተሳተ ደግሞ ምልልሱ አያልቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ክፍሉን ለሰፈሩ ሰው እንክፈተው፣ ልጆቹ ራሳቸው ይሙሉላቸው ያሉት አንዲት እናት ናቸው። ኮሚቴው አላሰበውም ነበር። ሁለት ቅዳሜ ሞከርነው፣ ሁለቱንም ወንበር ሞልቶ ሰው ቆሞ ጠበቀ። ሦስተኛው ላይ የሚከፍት አባል አጣን።

የቀረን ክርክር የታብሌት ነው። ግማሾቻችሁ፣ በተለይ ውጭ ያላችሁ፣ በቀረው ገንዘብ ታብሌት እንግዛ ትላላችሁ። ከልብ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ዘንድሮ አንድም ታብሌት እንዳይገዛ እለምናችኋለሁ። ግማሽ ቀን ክፍሉን ከፍቶ የሚውል፣ ልጅ ሲቸገር የሚያሳይ፣ የተበላሸ ገመድ የሚቀይር አንድ ሰው እንቅጠር። ያለን ብር ለስድስት ወር ደመወዝ ይበቃል። የቀረው ከእኛ መዋጮ መምጣት አለበት፣ መዋጮ ደግሞ ከግማሽ በላዩ አባል ከጥር ጀምሮ አቁሟል።

ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ከ300 በላይ ነን። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ብንሆን ነው። ንግግሩን እዚያው ስለምለጥፈው ለቀራችሁትም ልናገር። አንተ የባች ወንድሜ፣ ኮምፒውተሮቹ የገቡ ቀን ከእኛ ጋር ካርቶን የተሸከምከው፣ ከዚያ ወዲህ የውሃ ሽታ ሆነህ ቀረህ። አልተቀየምኩህም። ኔትወርክ መዘርጋት እንጀራህ ነው፣ እኛ ደግሞ አንድ ገመድ ስትበጠስ ሰው ፍለጋ እንንከራተታለን። በወር አንድ ቅዳሜ ስጠን። አንቺም ቨርጂኒያ ያለሽው እህቴ፣ አንድ ወር ሳታጓድዪ ስትልኪልን ነበር፤ ስምሽ እንዳይነሳ ስላልሽ አላነሳሁትም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ከሻይ በኋላ ድምፅ እንሰጣለን፣ እባካችሁ ሳትወስኑ አትሂዱ። የቅዳሜ ተራ መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። መስከረም ሞልቷል፣ ኮሊብሪን የጫኑት ሁለቱ ልጆችና እኔ ይዘነዋል። ከጥቅምት ጀምሮ ባዶ ነው፣ እስክሪብቶም አስቀምጫለሁ።