«ልጄ መጽሐፍ ሳትዋስ ነው የምትመለሰው»

የዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ ስለ ትናንሽ ከተሞች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ስልኩ የበዛው ከጎጃም ነው። መልስ የሚሰጡን እዚያው ጎጃም ውስጥ ለዓመታት በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነት የሠሩ እንግዳችን ናቸው።

ከደምበጫ የደወሉ አባት፦ «ልጄ 12ኛ ክፍል ናት። በየቀኑ ቤተ መጻሕፍት ትሄዳለች። ግን ይዛ የምትሄደው የራሷን ደብተር ነው፤ መጽሐፍ ተውሳ ስትመጣ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ቤቷ ብታጠና ምን አለበት?»

ጋሼ፣ ልጅዎ የምትሄደው ለወንበሩ ነው። እንዲህ ስል የሚቆጡኝ የሙያ ጓደኞች አሉኝ። እስቲ ግን ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤትዎን ያስቡት። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል። ቡና ይወቀጣል። ጎረቤት ገብቷል። ታናሽ ወንድሟ ኳሱን ግድግዳ ላይ ያነጥራል። ደግሞ ሴት ልጅ ደብተር ይዛ ቤት ከተቀመጠች «እስቲ ተነሽ፣ ውሃ አቀብይኝ» መባሏ አይቀርም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማንም አያዛትም። ጠረጴዛ አለ፣ ዝምታ አለ፣ አጠገቧም እንደሷ የሚያጠና ሰው አለ። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ በሠራሁበት ከተማ ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎቹ በሩ ሳይከፈት ድንጋይ ደርድረው ወረፋ ይይዙ ነበር። እያንዳንዱ ድንጋይ ባለቤት አለው። ጥበቃው የማን ድንጋይ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ሳታውቅ ጠርጋ ጣለችውና በጠዋቱ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነሳ። መጽሐፍ ፍለጋ እንዲያ አይጣሉም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አብዛኛው ቤተ መጻሕፍት የሚሠራው እንደ ቢሮ ነው። 2፡30 ይከፈታል፣ ምሳ ሰዓት ይዘጋል፣ 11፡30 ሲል ቁልፉ ይንቀጫቀጫል። ተማሪው ክፍል ውስጥ እያለ ክፍት፣ ከክፍል ሲወጣ ዝግ! እኔን ምረጥ ካላችሁኝ፣ 500 መጽሐፍ ይዞ እስከ ማታ የሚከፈተው ቤት 5,000 ይዞ በሥራ ሰዓት ከሚዘጋው ይበልጥብኛል። የሚያስፈልገው አንድ የማታ ሠራተኛና መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ሶላር ነው። የሰዓት እላፊ ካለ ደግሞ ማታውን ትቶ ቅዳሜንና እሑድን ሙሉ ቀን መክፈት ይቻላል። ጋሼ፣ ከተማው ውስጥ ስብሰባ ሲጠራ «መጽሐፍ ይገዛ» ከማለትዎ በፊት «ሰዓቱ ይራዘም» ይበሉልን።

ከቢቸና አካባቢ፣ አርሶ አደር፦ «የተማርኩት እስከ 4ኛ ክፍል ነው። ንብ አረባለሁ። ገበያ ስወጣ በሩ ላይ አልፋለሁ፤ መግባት ግን ያሳፍረኛል። ለኔ የሚሆን ነገር አለ?»

አለ እንጂ! ሲገቡ «638 የት ነው?» ብለው ይጠይቁ። መጽሐፎቹ ጀርባ ላይ እንደየርዕሰ ጉዳያቸው ቁጥር ተለጥፏል። ይህን አመዳደብ ሜልቪል ዲዊ የሚባል አሜሪካዊ በ1876 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሲሆን ዛሬም ብዙ ቤተ መጻሕፍት ይሠራበታል። ግብርና ከ630 ይጀምራል፣ ንብ 638 ላይ ነው። መደርደሪያው ባዶ ከሆነም ባዶ መሆኑን ሠራተኛው ከእርስዎ ይስማ። ጠያቂ ከሌለ ማንም አይገዛውም።

ስለ እፍረቱ ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ጥበቃው ባለደብተሩን ዝም ብሎ ያስገባል፣ ዱላ የያዘውን ገበሬ «ወዴት ነው?» ይላል። ዱላውን በር ላይ ያስቀምጡና ይግቡ። ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ የመጠየቅ መብት ያለው የለም። ማንበብ ከከበደዎት የሚያነብልዎት ይጠይቁ። ከሁሉ የምወደው የገበያ ቀን ልማድ ነበረኝ። አንድ ጎበዝ ተማሪ በር አጠገብ እናስቀምጣለን፤ ደብዳቤ ያነባል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ የመድኃኒት ወረቀት ላይ ያለውን ያስረዳል። ከዚያ በኋላ ነው የገጠሩ ሰው ቤቱን የራሱ ያደረገው።

ከአዲስ አበባ፣ ትውልደ ጎጃም፦ «ከጓደኞቼ ጋር መጽሐፍ አሰባስበን ለተወለድንበት ከተማ ልንልክ ነው። 20 ካርቶን ደርሷል። ምን ትመክሩናላችሁ?»

መጀመሪያ ደውሉ። በቁም ነገር ነው የምለው። የእርዳታ ካርቶን ስከፍት ምን ምን እንዳላየሁ! አንዴ ከባሕር ማዶ የመጣ ካርቶን ከፍተን ያገኘነው የሰው አገር የግብር ሕግ ማብራሪያ ነው፤ ያውም ጊዜው ያለፈበት። አንድ ሙሉ ካርቶን። በንብረት መዝገብ ስለገባ መጣልም አልተቻለም። መደርደሪያ ይዞ ዓመታት ተቀመጠ። ሰው የሚፈልገው መጽሐፍ ግን ወለል ላይ ነበር።

ስለዚህ ከ20ው ካርቶን 15ቱን አስቀሩ። በአማርኛ የተጻፈ ላኩ። የሕፃናት ተረት ላኩ። የመማሪያ መጽሐፍ ከሆነ አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት የተከተለውን ብቻ፤ የድሮው ተማሪውን ያሳስተዋል። የኮምፒውተር ቅጂውን በፍላሽ ብትልኩትም ትልቅ ነገር ነው፤ ኢንተርኔት በሌለበት ቀን ተማሪው ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ስልኩ ይገለብጠዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአገሩን ልጆች ሥራ ፈልጉና ላኩ። ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ፣ አቤ ጉበኛ የአቸፈር፣ ሐዲስ ዓለማየሁ የደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰዎች ናቸው። እዚያው ተወልዶ ይህን ሳያውቅ 12ኛ ክፍልን የሚጨርስ ልጅ አለ። ለነዚህ አንድ መደርደሪያ ለይቶ፣ በላዩ ላይ «የአገራችን ልጆች» ብሎ መጻፍ ከካርቶንና ከቀለም በስተቀር ምንም አያስወጣም። እና እባካችሁ የመጓጓዣውን ብር አብራችሁ ክፈሉ።

ከዳንግላ፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፦ «ምስጥ አስቸገረን።»

በአጭሩ፦ መደርደሪያውን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቂው። የእንጨት ከሆነ እግሮቹን በጣሳ አቁመሽ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጨምሪበት። ወለል ላይ ካርቶን አታስቀምጪ፤ ምስጥ ካርቶን ይወዳል። ክረምት ላይ ፀሐይ በወጣ ቁጥር መስኮት ክፈቺ፣ መጽሐፉን ግን ፀሐይ ላይ አታስጪው።

ከሞጣ፣ እናት፦ «የ8 ዓመት ልጄን ይዤ ሄጄ ‹ሕፃን አይገባም› ብለው መለሱን። ይሄ ሕግ ነው?»

ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው። መጥፎ ልማድ። ተማሪ እንዳይረበሽ ብለው ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ግን መፍትሔው ሰዓት መለየት ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ለልጆች ይሰጥ። ሰሌን ይነጠፍና አንድ ሰው ተረት ያንብብላቸው። ወንበርም አያስፈልግም። አንቺ ግን አትተይው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጎረቤት ሁለት ሦስት እናቶች ጋር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንዲትን እናት መመለስ ቀላል ነው፤ አራት እናት ከስምንት ልጅ ጋር በር ላይ ሲቆም ጥበቃው ራሱ ኃላፊውን ይጠራዋል።