«ሚን ገርልስ» ላይ ያየናቸው ተዋንያን ከየት መጡ?

(ምስል፦ ደሴ ፒያሳ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ተማሪዎች)

ሰላም ናችሁ፣ ወገኖቼ? ከደሴ ነው የማወራችሁ።

እዚህ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሐይቅ፣ የትምህርት ቤት ድራማ ክበብ ውስጥ ያሉ ልጆች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ፊልም ውስጥ ለመግባት ማን ያየናል?» ይላሉ። ጥያቄው አይከፋም። ግን ከጀርባው አንድ እምነት አለ። ተዋናይ ማለት አንድ ቀን መንገድ ላይ ታይቶ በማግስቱ ታዋቂ የሚሆን ሰው ይመስላቸዋል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ብዙዎቻችሁ ባያችሁት የወጣቶች ኮሜዲ ላሳያችሁ። «ሚን ገርልስ» ይባላል። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ፊልሙ የወጣው በ2004 ነው። ዳይሬክተሩ ማርክ ዋተርስ ነው። ጽሑፉ የቲና ፌይ ነው። መነሻው ደግሞ ሮዛሊንድ ዋይዝማን ስለ ልጃገረዶች ቡድንና ጠብ ለወላጆች የጻፈችው መጽሐፍ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ኬዲ የምትባል ልጅ ከተመራማሪ ወላጆቿ ጋር አፍሪካ ውስጥ አድጋ፣ እቤት ተምራ፣ በ16 ዓመቷ አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ትገባለች። እዚያ ሬጂና የምትመራው የሦስት ልጃገረዶች ቡድን አለ። ጣጣው ከዚያ ይጀምራል። ፊልሙ አፍሪካን እንደ አንድ ሰፈር በጅምላ መጥራቱ ይከነክነኛል። ትወናው ግን ግሩም ነው።

(ምስል፦ የሊንዚ ሎሃን የልጅነት ፎቶዎች)

ከኬዲ እንጀምር። ሊንዚ ሎሃን ቀረጻው ላይ 17 ዓመቷ ነበር። ካሜራ ፊት መቆም የጀመረችው ግን በ3 ዓመቷ ነው። ፎርድ በሚባለው የሞዴሎች ድርጅት በኩል የልጆች ልብስና የማስታወቂያ ሥራ ትሠራ ነበር። በ10 ዓመቷ ገደማ «አናዘር ወርልድ» በሚባል ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ገባች። በ1998 «ዘ ፓረንት ትራፕ» ወጣ። እዚያ ላይ መንታ ሆና ነው የሠራችው። ሁለቱንም።

እዚህ ጋ ትንሽ ቆም እንበል። አንዷ መንታ አሜሪካ ከአባቷ ጋር ያደገች ናት። ሌላዋ ለንደን ከእናቷ ጋር። አነጋገራቸው ይለያያል። በዚያ ላይ ቦታ ይቀያየራሉ። ስለዚህ ልጅቷ እንግሊዛዊቷን መሆን አለባት፣ አሜሪካዊቷን መሆን አለባት፣ ከዚያ አንዷ ሌላዋን መስላ ስትጫወትም መሆን አለባት። አንዱን ትዕይንት አንድ ጊዜ በአንዷ ቦታ፣ ሌላ ጊዜ በሌላዋ ቦታ ሆና ነው የምትቀረጸው። ከፊቷ የምትቆመው ተመሳሳይ ቁመት ያላት ሌላ ልጅ ናት። ዓይኗን የት እንዳሳረፈች፣ እጇን መቼ እንዳነሳች ማስታወስ አለባት። ፊልሙ ሲወጣ ገና 12 ዓመቷ ነበር!

በ2003 ደግሞ «ፍሪኪ ፍራይደይ»ን ሠራች። ዳይሬክተሩ ማን ነበር? ያው ማርክ ዋተርስ። ሰውየው በዓመቱ ሲጠራት የሚጠራው የሚያውቃትን ሠራተኛ ነው። መጀመሪያ የታሰበችው ለሬጂና ነበር። በኋላ ነው ኬዲ የሆነችው።

ታዲያ ሬጂና ማን ሆነች?

(ምስል፦ ሬቸል ማክአዳምስ)

ሬቸል ማክአዳምስ። የእሷን መንገድ በተለይ እወደዋለሁ። የተወለደችው ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ለንደን በምትባል ከተማ ነው። በረዶ ላይ መንሸራተት የጀመረችው በ4 ዓመቷ ነው፤ በስፖርቱም ትወዳደር ነበር። ማክዶናልድ ቤት ተቀጥራም ሠርታለች። ልጅ ሆና በበጋ የቴአትር ካምፕ ሼክስፒርን ተጫውታለች። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግን ያሰበችው ሌላ ነገር ለማጥናት ነበር። የቀድሞ ድራማ መምህሯ ናት ሐሳቧን ያስቀየረቻት። ከዚያ ቶሮንቶ በሚገኘው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር ተምራ በ2001 ተመረቀች።

ዲግሪውን ይዛ ወዲያው ሆሊውድ አልገባችም። የካናዳ ቴሌቪዥን ላይ ትናንሽ ቦታዎች ሠራች። በ2002 «ዘ ሆት ቺክ» ላይ ታየች። በ2003 ስለ አንድ የቴአትር ቡድን በሚተርክ የካናዳ ድራማ ላይ ተጫወተች። «ሚን ገርልስ» ሲቀረጽ 25 ዓመቷን ደፈነች። አዎ፣ የ11ኛ ክፍል ንግሥት ሆና የምትንጎራደደው ልጅ ዲግሪ ከያዘች ሁለት ዓመት አልፏታል።

ብዙ ሰው «ለምን ትልልቅ ሰዎችን ተማሪ ያደርጋሉ?» ይላል። አንዱ ምክንያት ሕግ ነው። አሜሪካም ካናዳም፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች በቀን መሥራት የሚችሉት ሰዓት የተገደበ ነው፤ የትምህርት ሰዓትም ሊሰጣቸው ይገባል። ትልቅ ሰው ከሆነ ይህ ሁሉ የለም። ሌላው ምክንያት ደግሞ ሬጂና ራሷ ናት። ክፋቷ በጩኸት አይደለም። ፈገግ ብላ፣ የጓደኛዋን ቀሚስ አድንቃ፣ ዞር ስትል ነው የምታማት። ይህን ድምፅ ሳያነሱ መጫወት ሥልጠና ይፈልጋል። እኔ የፊልሙን ግማሽ ክብደት የተሸከመችው እሷ ናት ባይ ነኝ።

በዚያው በ2004፣ ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ «ዘ ኖትቡክ» ወጣ። እዚያ ደግሞ በፍቅር የምታስለቅሰን ሴት ናት። ሁለቱን ፊልሞች በተከታታይ ተመልከቱ፤ አንድ ሰው ናት ለማለት ይከብዳል።

ሦስተኛዋ አማንዳ ሳይፍሬድ ናት። የአየር ሁኔታን በደረቷ አውቃለሁ የምትለዋ የዋህ ካረን። ይህ የመጀመሪያ የሲኒማ ፊልሟ ነው። ግን ጀማሪ አልነበረችም። ከ11 ዓመቷ ጀምሮ ሞዴል ነበረች። ድምፅም ተምራለች፣ የኦፔራ ሥልጠና ጭምር። ከዚያ ሁለት የቀን ተከታታይ ድራማዎች ላይ ሠርታለች። እነዚህ ድራማዎች ከሳምንቱ አምስቱን ቀን የሚተላለፉ ናቸው። ስለዚህ ተዋናዩ በየቀኑ አዲስ ጽሑፍ ይይዛል፣ በአንድ ቀን ብዙ ገጽ ይቀረጻል፣ ለመድገም ጊዜ የለም። ከዚያ የወጣ ሰው የፊልም ቀረጻ ሰፊ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። እሷም መጀመሪያ ለሬጂና ተፈትና ነበር። በኋላ «ማማ ሚያ!» ላይ ዘፍናለች፣ «ማንክ» በተባለው ፊልም ለኦስካር ታጭታለች፣ በ2022 «ዘ ድሮፕአውት» ላይ ባሳየችው ትወና ኤሚ የተባለውን የቴሌቪዥን ሽልማት ወስዳለች። የዋኋን ካረን ያየ ይህን አይገምትም።

ግሬቸንን የሆነችው ሌሲ ሻበርትም የልጅነት ባለሙያ ናት። በብሮድዌይ መድረክ «ሌ ሚዜራብል» ላይ ትንሿን ኮዜት ሆናለች፣ ከ1994 እስከ 2000 ደግሞ «ፓርቲ ኦፍ ፋይቭ» በሚባል የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ሠርታለች። የኬዲ ጓደኛ ጃኒስ ሆና የምትታየው ሊዚ ካፕላን «ፍሪክስ ኤንድ ጊክስ» በሚባል የቴሌቪዥን ድራማ ላይ ጀምራለች።

(ምስል፦ የቺካጎ መድረክ፣ ከዚያ ኒውዮርክ)

አሁን ወደ ትልልቆቹ እንምጣ። ለእኛ ልጆች የሚጠቅመው ክፍል ይኼ ይመስለኛል።

የሒሳብ መምህሯን የሆነችው ጸሐፊዋ ቲና ፌይ ራሷ ናት። ከዩኒቨርሲቲ በ1992 ከተመረቀች በኋላ ቺካጎ ሄደች። ጠዋት ጠዋት ቺካጎ አጠገብ ባለችው ኢቫንስተን ውስጥ አንድ የወጣቶች ማዕከል እንግዳ መቀበያ ላይ ትሠራለች፣ ማታ ኮሜዲ ትማራለች። ልብ በሉ፣ የፊልሙ ትምህርት ቤት የሚገኘው ያችው ኢቫንስተን ውስጥ ነው። ከዚያ ሴከንድ ሲቲ የሚባለው የኮሜዲ ቡድን ውስጥ ገባች። በ1997 «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የሚባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፕሮግራም ጸሐፊ አድርጎ ቀጠራት። በ1999 የጸሐፊዎቹ ኃላፊ ሆነች፤ በዚያ ቦታ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የሬጂናን እናት የሆነችው ኤሚ ፖህለር፣ ርዕሰ መምህሩ ቲም ሜዶውስ፣ የኬዲ እናት አና ጋስታየር፣ ሁሉም የዚያው ፕሮግራም ሰዎች ናቸው። ፖህለር ከልጇ ከሬጂና የምትበልጠው በ7 ዓመት ብቻ ነው፤ ግን እናትነቷን ማንም አይጠራጠርም።

ሴከንድ ሲቲ ላይ የሚሠለጥኑት ያለ ጽሑፍ፣ እዚያው መድረክ ላይ እየፈጠሩ መጫወትን ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ግጥም ስትወረውሩ፣ አዝማሪው ያላችሁትን ተቀብሎ፣ በማሲንቆው አዙሮ፣ የራሱን ጨምሮ እንደሚመልሰው ማለት ነው። አልቀበልም አይልም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ለወሎ ልጅ እንግዳ አይደለም። ማሪቱ ለገሰን ብዙዎቻችን የምናውቃት በካሴት ነው። እሷም የወጣችው ከወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን መድረክ ነው።

የመድረክ ልምዱ ቀረጻው ላይም ጠቅሟል። ቲም ሜዶውስ ከቀረጻው በፊት እጁን ተሰብሮ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ከካሜራ ይደብቁት ነበር። እነሱ ግን ታሪኩ ውስጥ አስገቡት። ርዕሰ መምህሩ እጁ በአንጓ ነርቭ ሕመም የታሰረ ሰው ሆነ። ፊልሙን ዳግም ስታዩ እጁን ተመልከቱ።

ድራማ ክበብ ያላችሁ ልጆች፣ ነገ ከትምህርት በኋላ ይህን ሞክሩ። ሁለት ሆናችሁ ቁሙ። አንዱ የፈለገውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ለምሳሌ «አያቴ፣ በጎቹ መኪና ላይ ወጡ» ይበል። ሌላው «አልወጡም» እንዳይል። ተቀብሎ አንድ ነገር ይጨምር። አምስት ደቂቃ ሳታቋርጡ ቀጥሉ። ስልክ ካላችሁ ቅረጹትና ራሳችሁን እዩ። የት ጋ እንደተያዛችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፤ በሚቀጥለው ቪዲዮ በእሱ ላይ እንሠራለን።