ጸጥ ያለ የምንለው የአይጥ ክፍል

የተከበራችሁ የእንስሳት ቤት ኃላፊዎች፣ ተንከባካቢዎችና ተመራማሪዎች፣

አንድ የአይጥ ክፍል ገብተን፣ ቆም ብለን አዳምጠን «ጸጥ ያለ ነው» ስንል የምንመሰክረው ስለ ራሳችን ጆሮ ብቻ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 ኸርዝ (በሴኮንድ 20 ርግብግቦሽ) እስከ 20 ኪሎኸርዝ (20,000 ኸርዝ) ይሰማል። በየቤተ ሙከራችን የምናረባቸው ነጫጭ ማይሶች (ትናንሾቹ አይጦች) መስማት የሚጀምሩት 1 ኪሎኸርዝ አካባቢ ነው፤ ወደ ላይ እስከ 90 ኪሎኸርዝ ገደማ ይዘልቃሉ፤ ጆሯቸው ከሁሉም የሚነቃው በ16 ኪሎኸርዝ ዙሪያ ነው። ራቶችም (ትላልቆቹ አይጦች) እስከ 80 ኪሎኸርዝ ድረስ ይሰማሉ። ስለዚህ እኛን የሚያሰለቸን የጄኔሬተር ጉርምርምታ ለማይስ ጆሮ ከሞላ ጎደል የለም፤ እኛ ከቁም ነገር የማንቆጥረው የቧንቧ ፉጨት ግን ጩኸት ነው።

ይህ የርኅራኄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የውጤት ጉዳይ ነው። ከአንድ ዕፅ የተገኘን ጭማቂ ለአይጦች ሰጥታችሁ፣ ሕመም ማስታገሱን በሙቅ ሳህን ላይ በማቆም ትፈትናላችሁ እንበል። ድንገተኛ ጭንቀት ራሱ የሕመም ስሜትን ያደነዝዛል። መድኃኒቱን የወሰደው ቡድን የተፈተነው ከውጭ ድንጋይ ሰባሪ ማሽን ሲሠራ፣ ማነጻጸሪያው ቡድን ደግሞ በምሳ ሰዓት ከሆነ፣ ምስጋናውን የምትሰጡት ለማን ነው? እርባታ ላይም እንዲሁ ነው። የተረበሸች እናት ግልገሎቿን ትተዋለች፣ አንዳንዴም ትበላለች። ዲቢኤ/2 የሚባለው የማይስ ዝርያ ደግሞ በሦስት ሳምንት ዕድሜው አካባቢ በከፍተኛ ድምፅ ብቻ ተንቀጥቅጦ ሊሞት ይችላል።

ብዙዎቻችን የምናውቀው ቁጥር 85 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፤ ከዚያ በላይ ጫጫታ በጆሮም ከጆሮ ውጪም ጉዳት እንደሚያስከትል የአሜሪካው የቤተ ሙከራ እንስሳት መመሪያ በ2011 እትሙ ጽፏል። ቁጥሩን እስከዚያ ድረስ ይፈቀዳል ብሎ ማንበብ ግን ስሕተት ነው። በዚያ ላይ ተራ የድምፅ መለኪያ የሚሰጠን ዴሲቤል በሰው ጆሮ ልክ የተስተካከለ ነው፤ የስልክ አፕም ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን አይሰማም። 90 ኪሎኸርዝን ለመቅዳት በሴኮንድ ቢያንስ 180,000 ናሙና ያስፈልጋል፤ በተግባር 250,000 የሚወስድ መሣሪያና እስከ 100 ኪሎኸርዝ የሚደርስ ማይክሮፎን ፈልጉ። አቅም ካነሰ የሌሊት ወፍ ድምፅ ለማድመጥ የሚሠራው ርካሽ መሣሪያ መጠኑን በትክክል ባይነግራችሁም ምንጩን ያሳያችኋል።

ማይክሮፎኑን በክፍሉ መሀል አትስቀሉት። ኬጅ ውስጥ አስገቡት፤ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ሰጋቱራው ተነጥፎ፣ አይጡ በሚተኛበት ከፍታ። አይጥ ሌሊት ንቁ ስለሆነ የቀን ልኬት ግማሽ ልኬት ነው። ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ቢቻል ኬጅ የሚቀየርበትን ቀን ጨምሮ ሳምንት ሙሉ ይቀዳ።

ምን ታገኛላችሁ? የሚያንጠባጥብ ወይም በትንሹ የተከፈተ ቧንቧ፤ ግራሶ ያጣ የጋሪ እግር፤ የፍሎረሰንት መብራት ኤሌክትሮኒክ ባላስት (ኤሌክትሪኩን የሚመጥንለት ዕቃ)፤ ሰው ሲገባ መብራት የሚያበራ ሴንሰር። በኢንፍራሬድ የሚሠራው ሴንሰር ችግር የለበትም፤ በአልትራሳውንድ (ሰው በማይሰማው ቀጭን ድምፅ) የሚሠራው ግን ከ25 እስከ 40 ኪሎኸርዝ ባለው ክልል ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ንቀሉት። መብራት ሲጠፋ ጢጥ ጢጥ የሚለውን ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ወደ ኮሪደር አውጡት። የእሳት ማስጠንቀቂያ ስትገዙ ከ500 ኸርዝ በታች የሚጮኸውን ምረጡ፤ ሰው ይሰማዋል፣ ማይስ እምብዛም አይሰማውም። ምግብ በብረት መያዣ ላይ ከከረጢት ማፍሰስ፣ ክዳን መወርወር፣ የብረት በር በነፋስ መላጋት፣ እነዚህ በልማድ እንጂ በገንዘብ የሚፈቱ አይደሉም።

ጫጫታ ለመሸፈን ሬዲዮ የሚከፍቱም አሉ። ተራ ድምፅ ማጉያ ከ20 ኪሎኸርዝ በላይ ስለማያወጣ እዚያ ያለውን ጩኸት አይሸፍነውም። ሬዲዮው ለተረኛው ሠራተኛ ጥሩ ጓደኛ ነው፤ ለአይጡ ግን ተጨማሪ ጫጫታ ነው።

አሁን ወደ ንዝረቱ ልምጣ፤ ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ጆሮው ያልሰማውን ዝቅተኛ ጉርምርምታ አይጡ በወለሉና በመደርደሪያው በኩል በእግሩ ይቀበለዋል። በደቂቃ 1,200 ጊዜ የሚዞር ማራገቢያ በ20 ኸርዝ ይነዝራል፤ በ1,500 የሚሠራ ጄኔሬተር በ25። የተለመደው መፍትሔ ከሥሩ ቀጭን ጎማ ማንጠፍ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ማሽኑ የተቀመጠበት ሞላ ወይም ጎማ በክብደቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሰመጠ ለኩ፤ 16ን ለዚያ ቁጥር ስኩዌር ሩት አካፍሉት። የምታገኙት የተፈጥሮ ድግግሞሹ ነው፣ ማለትም ማሽኑ በዚያ ሞላ ወይም ጎማ ላይ ቢነካ በራሱ የሚወዛወዝበት ልክ፣ በኸርዝ። 1 ሚሊ ሜትር የሰመጠ ጎማ 16 ኸርዝ ይሰጣል። ንዝረት መቀነስ የሚጀምረው የማሽኑ ድግግሞሽ የዚህ 1.4 እጥፍ ሲያልፍ ነው፤ ለ16 ኸርዝ ከ22 በላይ ማለት ነው። ማራገቢያችን 20 ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ጎማው ንዝረቱን አልቀነሰም፤ በግርድፍ ስሌት ከ60 በመቶ በላይ ጨመረበት! ጎማ ሲነዝር ደግሞ ቆሞ ከሚሰምጠው ይልቅ ስለሚደድር እውነተኛው ድግግሞሽ ከ16ም ከፍ ይላል። በአንጻሩ 10 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ የብረት ሞላ 5 ኸርዝ ይሰጣል፤ ወደ ወለል የሚያልፈው 7 በመቶ ገደማ ብቻ ይሆናል።

ሞላው ትክክል ሆኖም ንዝረቱ ካልቀነሰ ሌላ መንገድ አግኝቷል ማለት ነው። ማሽኑ በጠንካራ ቧንቧ ከግድግዳ ጋር ተያይዟል፤ ወይም የአየር ቱቦው የሸራ ማያያዣ የለውም፤ ወይም ግንበኛው የተረፈ ሲሚንቶ ከመሠረቱ ሥር ጠቅጥቋል። ከሁሉም በፊት ግን ኩሽኔታው እንዳላለቀ፣ ቺንጋው እንዳልላላ፣ የማራገቢያው ምላስ አቧራ ይዞ ባላንሱን እንዳልሳተ እዩ። አየር የሚነፋለት መደርደሪያ ካላችሁ ነፊውን ከላዩ አውርዳችሁ በግድግዳ ድጋፍ ላይ አስቀምጡትና በተጣጣፊ ቱቦ አገናኙት።

አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ የመንገድና የሕንፃ ግንባታ ደጃፋችን ድረስ መጥቷል። የመንገድ መደምደሚያ ሮለር ንዝረት መሬት ለመሬት ይመጣል፤ መስኮት በመድፈን አይቆምም። መደርደሪያዎቹን ከግድግዳ ቢያንስ አንድ እጅ አርቁ፤ እርጉዞችንና የሚያጠቡትን ከመንገዱ በተቃራኒ ወዳለው ክፍል፣ ሥራው ከመጀመሩ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ አዛውሩ፤ የባሕርይ ፈተናዎችን ተቋራጩ ወደማይሠራበት ሰዓት ውሰዱ። ይህ ሁሉ ካልተቻለ ጥናቱን አዘግዩት። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን የማይታመን ውጤት ይዞ ከመቅረት ይሻላል።

በመጨረሻ፣ በማንኛውም ጊዜ የአንድ ቡድንን ኬጆች በሙሉ በአንድ መደርደሪያ አትደርድሩ። ላይና ታች፣ በር አጠገብና ጥግ፣ በዕጣ ደልድሏቸው፤ የየኬጁንም ቦታ መዝግቡ። ጄኔሬተሩ የሚሞከርበት ቀንና ሰዓት ቋሚ ይሁን፣ መብራት ጠፍቶ የተነሣበት ደቂቃም በክፍሉ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ሦስት ወር ቆይቶ አንድ እንግዳ ቁጥር ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ የምትከፍቱት እሱን ነው።

አመሰግናለሁ።