የቆማችሁበት ወለል ሐዲድ ነበር

እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ ልጆችም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ብዙዎቻችሁ ከሥራ በቀጥታ እንደመጣችሁ አውቃለሁ። ደክሟችሁ ሳለ ስለ ለንደን የምድር ባቡር ጣቢያዎች ለመስማት መቀመጣችሁ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከልብ አመሰግናለሁ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለንደን እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ ቢሮ ማጽዳት ነበር። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። የመጀመሪያውን ባቡር የምይዘው ከኤንጅል ጣቢያ ነው፤ ኖርዘርን ላይን በሚባለው መስመር፣ ወደ ደቡብ። በዚያ ሰዓት ባቡር የሚጠበቅበት ወለል፣ ፕላትፎርሙ ላይ ቢበዛ አራት አምስት ሰው ነው የሚኖረው። ሰው ሲበዛ የጣቢያ ቅርጽ አይታይም። ባዶውን ሳገኘው ነው ነገሩ ዓይኔ ውስጥ የገባው። ሌላ ጣቢያ ላይ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሄድ ከግድግዳው ጋር ይጋፋል። እዚህ ግን ድንኳን ተክሎ መደገስ ይቻላል። አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ «ይሄ ለምን ሰፋ?» አልኩት። «ሲሠሩት አስፍተው ሠርተውት ነዋ!» አለኝ።

እንደዚያ አልነበረም። እንዲያውም ከለንደን ጠባብ ፕላትፎርሞች አንዱ ነበር።

ኤንጅል የተከፈተው በ1901 ነው። ያኔ አንድ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ሁለት ሐዲድ ነበር፤ አንዱ ወደ ሰሜን፣ አንዱ ወደ ደቡብ። መሃላቸው ላይ አንድ ፕላትፎርም። እንግሊዞች ይህን ዓይነቱን ደሴት ይሉታል። ደሴትን የሚከባት ውሃ ነው፤ ይህችን የሚከባት ግን ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ሐዲድ ነው። ስፋቷ አራት ሜትር አይሞላም ነበር። ጠዋት ሥራ መግቢያ ላይ ስንት ሰው እንደሚቆምባት አስቡት። ከፊት ባቡር፣ ከኋላ ባቡር። ፈራ ያለ ሰው ልደገፍ ቢል ግድግዳ የለም።

ጣቢያው በ1992 ታድሶ አለቀ። መሐንዲሶቹ ያደረጉት እንዲህ ነው። ወደ ሰሜን ለሚሄደው ባቡር ሌላ አዲስ ዋሻ ቆፈሩ። አሮጌውን የሰሜን ሐዲድ ነቅለው ጉድጓዱን ሞሉት፣ ወለልም አደረጉት። ወደ ደቡብ የሚሄደው ባቡር ግን እዚያው ቀረ። ፕላትፎርሙም በአንድ ጊዜ ሰፋ። መግቢያውም ወደ ሌላ መንገድ ዞረ። ሊፍቶቹ ቀርተው ኤስካሌተር፣ ማለትም ተንቀሳቃሽ ደረጃ፣ ገባ፤ ከሁለቱ አንዱ 60 ሜትር ይረዝማል፣ ከለንደን ምድር ባቡር ጣቢያዎች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው።

ይህን ሳውቅ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ። ለስንት ዓመት ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ባቡር የምጠብቅበት ቦታ ለዘጠና ዓመት ያህል ባቡር ሲያልፍበት የኖረ ቦታ ነው። ማንም አልነገረኝም። በማግስቱ እዚያ ስቆም እግሬን እያየሁ ነበር የቆምኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመጠን በላይ የሰፋ ፕላትፎርም ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ዩስተን ጣቢያን ውሰዱ። ባንክ በሚባለው ጣቢያ በኩል ወደ ደቡብ የሚሄደው የኖርዘርን ላይን ፕላትፎርም እንደ ኤንጅል ሰፊ ነው። ታሪኩም ያው ነው፤ እዚያ በ1960ዎቹ ቪክቶሪያ ላይን የሚባለው ሌላ መስመር ሲገነባ ነው የተሠራው። ለንደን ብሪጅ ላይ ደግሞ በ1990ዎቹ አሮጌው የደቡብ ዋሻ የሰው መተላለፊያ አዳራሽ ሆነ። ባንክን ግን እናንተም ታስታውሳላችሁ። በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ኖርዘርን ላይን በባንክ በኩል ተቋርጦ ነበር። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ስንቶቻችሁ በአውቶቡስ ተንከራታችኋል! ያን ጊዜ ከታች አዲስ የደቡብ ዋሻ እየተገናኘ ነበር። ዛሬ ባንክ ላይ በሁለቱ የኖርዘርን ላይን ፕላትፎርሞች መካከል ስታልፉ የምትረግጡት አሮጌው ፕላትፎርምና የተሞላው ሐዲዱ ነው።

አሮጌው ደሴት እንዴት እንደነበር ማየት የሚፈልግ ደግሞ ክላፓም ኮመን ይሂድ። ክላፓም ኖርዝም አለ። ሁለቱም በ1900 ተከፈቱ፣ ሁለቱም ዛሬ ድረስ ደሴት ናቸው። ክላፓም ኮመን ላይ ስወርድ ደስታም ፍርሃትም አብረው ይመጡብኛል። አሮጌ ነገር እወዳለሁ፤ ግን በግልጽ እናገራለሁ፤ እዚያ ፕላትፎርም ላይ ሕፃን በጋሪ የያዘች እናት ከሁለት ባቡር መሃል ቆማ ሳይ ታሪክ ትዝ አይለኝም። እንዲህ ያለው ቢቀየር ቅር አይለኝም። የኔ ክርክር ሌላ ነው። ሲቀየር የነበረው ይጻፍ፣ ይነገር፤ ያልተነካውም እንዳለ ይቆይ ነው የምለው።

አሁን ወደ ተዘጉት ኮሪደሮች ልምጣ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

ጣቢያ ውስጥ ስትሄዱ በጎን በኩል በሽቦ ወንፊት የተዘጋ ቅስት፣ ወይም ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ግራጫ በር ታያላችሁ። ከብዙዎቹ ጀርባ ሰው ይተላለፍበት የነበረ መንገድ አለ። ለምን ተዘጋ?

አንዱ ምክንያት ሊፍት ነው። ጥልቅ የሆኑት ጣቢያዎች መጀመሪያ ሲሠሩ ሰው የሚወርደው በሊፍት ነበር። ሊፍት እንደ ጉድጓድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከታች ከሊፍቱ በር እስከ ባቡሩ ኮሪደር ተቆፈረ። በ1911 ኧርልስ ኮርት ላይ የመጀመሪያው ኤስካሌተር ገባ፣ ከዚያ ወዲህ ሁሉም ጣቢያ እሱን ፈለገ። ኤስካሌተር ግን አጋድሎ ነው የሚወርደው፣ በ30 ዲግሪ። 20 ሜትር ለመውረድ ወደ ጎን 35 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ታች ሲደርስ አሮጌው ኮሪደር ካለበት ቦታ ርቆ ነው የሚያርፈው። አዲስ ኮሪደር ይቆፈራል። አሮጌው ማንም የማይሄድበት ሆኖ ይቀራል። ፒካዲሊ ሰርከስ በትክክል ይህ ነው የደረሰበት። በ1928 ቻርልስ ሆልደን የነደፈው ክብ አዳራሽ ከነኤስካሌተሮቹ ተከፈተ፣ የሊፍቶቹ መንገዶችም በዓመቱ ተዘጉ።

ሌላው ምክንያት ፉክክር ነው። ያኔ የምድር ባቡሩ የአንድ መንግሥት ወይም የአንድ ድርጅት አልነበረም። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ኩባንያ ነበረው። ዩስተን ላይ በ1907 በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ኩባንያዎች ደረሱ። ሁለቱም የየራሳቸውን ጣቢያ፣ የየራሳቸውን ሊፍት ሠሩ። ከታች ግን መንገደኛው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር ኮሪደር አገናኙ፤ ኮሪደሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደግሞ ትኬት የሚቆረጥባት ትንሽ መስኮት አደረጉ። ቪክቶሪያ ላይን ሊሠራ ሲል፣ በ1962፣ እነዚያ ኮሪደሮች ተዘጉ።

የለንደን ትራንስፖርት ሙዚየም እነዚህን ቦታዎች በአስጎብኚ ያሳያል። እኔም ገንዘብ አጠራቅሜ ዩስተን ገባሁ። ገና በሩን አልፈን ጥቂት እርምጃ እንደሄድን ከተማው ጠፋ። አቧራና ጥቁር ጥላሸት ብቻ። ግድግዳው ላይ ግን የ1962 ማስታወቂያዎች እንደተለጠፉ አሉ። የፊልም ማስታወቂያ አለ። ግማሹ ተቀዷል፣ ግማሹ ቀለሙ ገና አለ። መብራቱን ወደ ትኬት መስኮቷ ሳዞር ከእኔ በፊት እዚያ የተሰለፈው ሰው ታየኝ፤ ሳንቲሙን ቆጥሮ ይዞ የሚቸኩል ሠራተኛ። እንደ እኔው።

ከዚያ የአየር ማስወጫው ጋ ደረስን። ወንፊቱ በኩል ወደ ታች ስናይ ቪክቶሪያ ላይን ፕላትፎርም ነው። ሰው ስልኩን እያየ ባቡር ይጠብቃል። እኛ ከራሳቸው በላይ ቆመናል። አንድም ሰው ቀና አላለም። እኔም ስንት ዓመት በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አላውቅም ነበር።

ልጆች፣ ይህን ያዙልኝ። እነዚህ ኮሪደሮች ዝም ብለው አልተጣሉም። ዛሬም ይሠራሉ። ብዙዎቹ የጣቢያው ሳንባ ናቸው፤ ሙቁ አየር በእነሱና በአሮጌው የሊፍት ጉድጓድ በኩል ይወጣል። የኤሌክትሪክና የስልክ ገመድ በእነሱ ይሄዳል። ፕላትፎርም ላይ ቆማችሁ ከላይ ወይም ከጎን ነፋስ ፊታችሁን ከነካው፣ ምናልባት አያቶቻችሁ የሚሆኑ ሰዎች ይሄዱበት በነበረ ኮሪደር በኩል የመጣ ነው።

ስለ ኦልድዊች ትንሽ ልቆይበት። ከሆልበርን ጣቢያ የምትነሳ አንዲት ጣቢያ ብቻ ያላት አጭር መስመር ነበረች። በ1907 ተከፈተች፣ ስትከፈት ስሟ ስትራንድ ነበር። ሁለት ፕላትፎርም ተሠራላት፣ ሰው ግን አልመጣም። አንዱ ፕላትፎርም በ1914 ተዘጋ። እና ምን ሆነ? አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ናሽናል ጋለሪ ወደ 300 የሚጠጋ ሥዕል እዚያ ደበቀ። ሁለተኛው ጦርነት መጣ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ቅርሶች ወደ ዋሻው ወረዱ፤ ግሪኮች እስከ ዛሬ «መልሱልን» የሚሏቸው የፓርተኖን ቅርጾችም እዚያ ነበሩ። ሕዝቡም በቦምቡ ሌሊት ብርድ ልብሱን ይዞ ሐዲዱ ላይ ተኛ። ማንም ያልፈለጋት ጣቢያ በጭንቅ ቀን ለስንቱ ደረሰች! የተዘጋችው በ1994 ነው፤ የ1907ቱ ሊፍቶች ማርጀታቸውና መቀየሪያቸው ብዙ ገንዘብ መፈለጉ ነው ምክንያቱ። ቀይ ሸክላ የለበሰው ፊቷ ግን ዛሬም ስትራንድ መንገድ ላይ ቆሟል። እንዲህ ያለውን ቀይ ጣቢያ ለመላው ከተማ የነደፈው ሌስሊ ግሪን የሚባል ወጣት አርክቴክት ነው። በ1908 በ33 ዓመቱ ሞተ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ ሠርቶ።

ዳውን ስትሪት የሚባል ጣቢያም አለ፤ በ1932 የተዘጋ፣ ቸርችል በ1940 ቦምብ ሲዘንብ ያደረበት። ፒካዲሊ ላይን ስትይዙ ከግሪን ፓርክ ወደ ሃይድ ፓርክ ኮርነር ሲሄድ በመስኮት እዩ። የዋሻው ግድግዳ ለጥቂት ሰከንድ ጡብ ይሆናል። እሱ ነው።

ለእኛ ለስደተኞች ግን ከሁሉ የሚቀርበው ክላፓም ሳውዝ ነው ብዬ አምናለሁ። ከጣቢያው በታች በጦርነቱ ጊዜ የተቆፈረ መጠለያ አለ፤ ስምንት ሺህ ሰው እንዲያስተኛ የተሠራ። በጁን 1948 ዊንድረሽ የምትባለው መርከብ ከካሪቢያን ሰዎችን ይዛ ቲልበሪ ወደብ ደረሰች። ማረፊያ ያልነበራቸው ከ200 በላይ ሰዎች እዚያ መጠለያ ውስጥ ገቡ። ከመሬት በታች፣ በጦርነት አልጋ ላይ ነው የመጀመሪያ የለንደን ሌሊታቸውን ያደሩት። በአቅራቢያው ያለው ሥራ ማፈላለጊያ ቢሮ ብሪክስተን ነበር። ሥራ እዚያ ፈለጉ፣ ቤትም እዚያ ተከራዩ። ብሪክስተን ዛሬ የካሪቢያን ሰፈር የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንድ ሰፈር ከዋሻ ሲወጣ አያችሁ?

እኛም በዚህ ከተማ የመጀመሪያ ሌሊት ነበረን። አንዳንዶቻችን የሰው ሳሎን ውስጥ፣ አንዳንዶቻችን ሆስቴል ውስጥ። የት እንዳደርን የሚጽፍልን የለም፤ ስለዚህ እኛው እንጻፈው። ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በባቡር ስትሄዱ በየትኛው ጣቢያ እንደወረዳችሁ፣ በየትኛው መውጫ በኩል መጀመሪያ ፀሐይ እንዳያችሁ ንገሯቸው። እኔ ደብተር ጀምሬያለሁ። ማንም ጣቢያ ላይ የተደፈነ ቅስት፣ የተቆረጠ ደረጃ፣ ትርጉም የሌለው የሚመስል መታጠፊያ ካየ ይንገረኝ፣ አብረን እንፈልገዋለን። አርክቴክቸርና ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ልጆች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እናንተ ደግሞ ከእኔ የተሻለ ታነቡታላችሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክላፓም ኮመን፣ ከዚያ ኤንጅል፣ ከዚያ ባንክ እንሄዳለን። መነሻችን ክላፓም ኮመን መግቢያው ፊት ለፊት፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት አራት ሰዓት። ልጆች ያላችሁ ፕላትፎርሙ ላይ እጃቸውን ያዙ፤ ጠባብ ነው። ጫማ የሚመች አድርጉ፣ ደረጃ እንወጣለን፣ እንወርዳለን። ስማችሁን በሩ አጠገብ ያለው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ።

አመሰግናለሁ።