ከመኪና ኮፈን ወደ ስልክ የወረደው ቤዝ

የተከበራችሁ የድምፅ ባለሙያዎች፣ ቢት የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ሂፕ ሆፕ ቤዝ፣ ስለዚያ ወፍራም የታችኛው ድምፅ፣ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለሚያሳስበኝ ነው። ይህ ድምፅ ያደገው ደረት እየነካ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ አድማጭ የሚያገኘው በስልክ ነው።

የጃፓኑ ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1980 ቲአር 808 የተባለ ድራም ማሽን፣ የከበሮ ምት በኤሌክትሮኒክስ የሚያወጣ መሣሪያ፣ አወጣ። እስከ 1983 ድረስ 12 ሺህ ገደማ ሠርቶ አቆመ። ያገለገለው ማሽን በርካሽ መሸጥ ሲጀምር ሂፕ ሆፕ የሚሠሩ ልጆች እጅ ገባ። የኪኩን፣ ማለትም የትልቁን ከበሮ ምት፣ ድምፅ የሚያስረዝም ቁልፍ ነበረው፤ እሱን እስከ ጥግ ሲያዞሩት አጭሩ ምት ረጅም ጉርምርምታ ሆነ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ ማያሚ ላይ አንድ ሙሉ የሙዚቃ ስልት የበቀለው ከዚህ ጉርምርምታ ነው። ወጣቱ ያን ሙዚቃ የሚሰማው በመኪና ነበር፤ የኋላ ኮፈኑን ወፍራም ድምፅ በሚያወጣ ትልቅ ስፒከር፣ በሰብዉፈር፣ ሞልቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ሰፈሩን እየዞረ። ሂውስተን ውስጥ ደግሞ ዲጄ ስክሩ በ1990ዎቹ ዘፈኖችን እያዘገመ በካሴት ይቀዳ ነበር፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ድምፁም አብሮ ይወፍራል። እነዚያም ካሴቶች የሚደመጡት በመኪና ነበር። አንዱ ሲከፍት መንገደኛው ሁሉ፣ ወደደም ጠላም፣ ይካፈላል።

ከዚያ ስልኩና ኢርፎኑ መጣ። የ40 ሄርዝ ድምፅ፣ ማለትም በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ፣ አንድ ሞገዱ ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ጎላ አድርጎ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ ጥፍር የምታህለው የስልክ ስፒከር ይህን አትችልም። ጥሩ ኢርፎን በርግጥ ለጆሮ ያደርሰዋል፤ ደረትና ወንበር ግን አይነቃነቁም።

ፕሮዲውሰሮቹ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። 808ቱን፣ ያን ረጅም የኪክ ጉርምርምታ፣ ሆን ብሎ ድምፅ በሚያዛባ ዲስቶርሽን ያሻክሩታል። 50 ሄርዝ የነበረው ድምፅ ያኔ 100፣ 150፣ 200 ላይ ተከታይ ድምፆች ያወጣል። ስልኩ ከፍ ከፍ ያሉትን ያሰማል፤ የጎደለውን 50 አእምሯችን ራሱ ይሞላዋል። ይህን ብልሃት ከልቤ አደንቃለሁ። ትራፕ በሚባለው የአትላንታ ሂፕ ሆፕ 808ቱ ዜማ ሲጫወት በትንሽ ስፒከር እንኳ የምንከተለው በዚህ የተነሳ ነው።

የማልቀበለው ሌላ ነው፦ «ማን ይሰማዋል?» ብሎ የታችኛውን ድምፅ ከነአካቴው ቆርጦ መጣል። ስልክ ያላሰማውን መኪናው፣ ክለቡ፣ የኮንሰርቱ መድረክ ያሰማል። ከማስተሩ፣ ከመጨረሻው ቅጂ፣ ላይ አንዴ ከተቆረጠ ግን ትልቁ ስፒከርም የሚያወጣው ነገር የለውም።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ሚክሳችሁን በስልክ ፈትሹ፣ ግድ ነው። ከዚያ ሰብዉፈር ያለው መኪና ፈልጋችሁ ጓደኛችሁን አስቀምጡና ድምፁን ከፍ አድርጉ። ፊቱን እዩት። ኪኩ ሲመታ ምንም ካልተሰማው ወደ ስቱዲዮ ተመለሱ።

አመሰግናለሁ።